እንጀራው ከምጣዱ አያስታውቅም

ባለፈው ክረምት በአንድ የሰፈር ሜዳ የታዳጊዎች ምልመላ ቆሜ አየሁ። ጥሪው ከ13 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ነው። ሜዳው ጭቃ ይዟል፤ ልጆቹ ግማሾቹ ታኬታ፣ ግማሾቹ ኮንጎ ጫማ አድርገው ተሰልፈዋል። መልማዩ ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ጠረገና፣ ገና ኳስ ሳይነካ፣ «አንተ… አንተ… አንተ ደግሞ» እያለ አሥራ አምስት ያህሉን ለየ። ከተለዩት መሐል ጢሙ ያጎነቆለ አለ። ከቀሩት መሐል ደግሞ ማልያው ጉልበቱ ድረስ የወረደበት አንድ ትንሽ ልጅ ነበር፤ መልማዩ ሳይመጣ ሁለት ልጆችን በአብዶ ጥሎ ሲያልፍ አይቼዋለሁ። ደፈር ብሎ «ኮች፣ እኔን እኮ አላየኸኝም» አለ። «አይቼሃለሁ። ብላና ና!» ሜዳው በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ዛሬ አፍርበታለሁ።

አጠገቤ የቆሙ አባት ነገሩን በተረት ዘጉት፦ «የሚያጠግብ እንጀራ ከምጣዱ ያስታውቃል።»

ይህ ተረት የእግር ኳሳችን ሕገ መንግሥት ነው። ኳስ ተጫዋች ይወለዳል እንጂ አይሠራም እንላለን። የተወለደውን ዓይን ያለው ሰው በልጅነቱ ይለየዋል እንላለን። ተለይቶ ሳይደርስ ከቀረ ወይ ዕድሉ ነው፣ ወይ ተጎድቶ ነው፤ ጉዳቱም ያው ዕድሉ ነው። በሻይ ቤት የምሰማው፣ በሬዲዮ የስፖርት ሰዓት የምሰማው፣ ከአሰልጣኝ አፍ የምሰማው ይኸው ነው። ሦስት የተለያዩ እምነቶች ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው፦ በልጁ ዕጣ ላይ የሚጠየቅ ትልቅ ሰው እንዳይኖር ማድረግ። መረጥን፣ ፈጣሪ ያልሰጠውን ምን እናድርግ? አሠለጠንን፣ እግሩ ከዳው፤ ምን እናድርግ? ላለፉት አርባ ዓመታት በእግር ኳስ ላይ የተሠራው ሳይንሳዊ ጥናት የዚህን «ምን እናድርግ» መልስ እየደጋገመ ሰጥቷል። እኛ አልሰማንም፤ እውነቱን ለመናገር ባለጠጎቹ የአውሮፓ ክለቦችም በግማሽ ጆሯቸው ነው የሰሙት።

ከምርጫው እንጀምር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ («ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሮጀር ባርንስሊ የተባለ ካናዳዊ የሥነ ልቦና ምሁር ከባለቤቱ ጋር የበረዶ ሆኪ ሊያይ ሄደ። ባለቤቱ ፓውላ የጨዋታውን መርሐ ግብር ስታገላብጥ የተጫዋቾቹ የልደት ቀን ዓይኗን ያዘው፦ ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪ፣ ማርች፣ እንደገና ጃንዋሪ። በካናዳ የዕድሜ ቡድን የሚቆረጠው ጃንዋሪ 1 ቀን ስለሆነ፣ በዓመቱ መጀመሪያ የተወለዱት ከእኩዮቻቸው በወራት ይበልጣሉ። ባርንስሊ ጉዳዩን በ1985 አሳተመ፤ በኋላም ከባልደረቦቹ ጋር የእግር ኳስ የታዳጊ ዓለም ዋንጫዎችን ፈተሸ፤ ያው ሆኖ ተገኘ።

በእኛ አቆጣጠር ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጃንዋሪ 1 ታኅሣሥ 23 ላይ ይውላል። እንግዲህ በታኅሣሥ ገብርኤል የተወለደ ልጅና ከአሥር ቀን በኋላ በገና ዕለት የተወለደ ልጅ ለኳስ ሲሆን የተለያየ ዓመት ልጆች ናቸው። በገና የተወለደው ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በሚቀጥለው የገብርኤል ንግሥ ከሚወለደው ጋር አንድ ቡድን ይገባል። አንዱ «ወፌ ቆመች» ሲባልለት የሌላው እናት ገና ምጥ ላይ ናት። በ30 ዓመታቸው ይህ ልዩነት ከቁም ነገር አይገባም። በ12 ዓመታቸው ግን ከሕይወታቸው አንድ አሥራ ሁለተኛው ነው፤ በቁመት፣ በክብደት፣ በሩጫ፣ ኳስ ሲቀሙት በመውደቅና ባለመውደቅ ይገለጣል። መልማዩ ይህን ያያል፤ ያየውንም «ተሰጥኦ» ብሎ ይጠራዋል።

ምናልባት በጃንዋሪ የሚወለዱ ልጆች በእውነት ይበልጡ ይሆናል የሚል ሰው ቢኖር ቤልጅየም መልሳለታለች። እስከ 1997 ድረስ የታዳጊዎች ዕድሜ ይቆረጥ የነበረው ኦገስት 1 ነበር፤ ያን ጊዜ የታዳጊ ቡድኖችን የሞሉት ከኦገስት እስከ ኦክቶበር የተወለዱ ልጆች ናቸው። በ1997 መቁረጫው ወደ ጃንዋሪ 1 ተዛወረ። ቨርነር ሄልሰንና ባልደረቦቹ ከፊትና ከኋላ ያለውን ሲያነጻጽሩ፣ «ባለ ተሰጥኦዎቹ» ወደ ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪና ማርች ተሻግረው አገኟቸው። የኦገስት ልጆች እግር በአንድ ክረምት አልደነዘዘም። የተቀየረው ቢሮ ውስጥ የተጻፈ አንድ ቀን ብቻ ነው። ፈጣሪ ተሰጥኦን የሚያድለው የእግር ኳስ ማኅበሩን ደብዳቤ እየጠበቀ ካልሆነ በቀር፣ ከዚህ ሌላ ትርጓሜ አላውቅም።

አሁን ወደ እኛ ሜዳ እንምጣ። አውሮፓ ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት አለው፤ ያም ሆኖ አሥራ አንድ ወር የመልማዩን ዓይን አሳወረ። በኢትዮጵያ የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዓመት የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። በዚህ ላይ «የኳስ ዕድሜ» የምንለው፣ ሁላችንም እየሳቅን የምናወራው ነገር አለ። 13 ነኝ የሚለው ልጅ 16 ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ልዩነቱ የአሥራ አንድ ወር አይደለም፤ የሦስት ዓመት ነው። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ላይ ከ2009 ጀምሮ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ማስመርመር የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው፤ የአንጓ አጥንት ማደጊያው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ከተገኘ ባለቤቱ ከ17 ዓመት በታች የመሆን ዕድሉ እጅግ የመነመነ ነው። ግን ልብ በሉ፦ ማሽኑ የሚይዘው ትልቁን ልጅ ነው፣ ለዚያውም ውድድሩ ዘንድ ከደረሰ። በትልቁ ልጅ ምክንያት ከሦስት ዓመት በፊት «ብላና ና» ተብሎ የተመለሰውን ትንሽ ልጅ የሚፈልግ ማሽን የለም። ስለ ዕድሜ ማጭበርበር ስንከራከር ሁልጊዜ ስለ ዋንጫና ስለ ቅጣት ነው የምናወራው። የተሰረቀውስ ቦታ የማን ነበር?

«ይሁን፤ በእውነት ጎበዝ የሆነ ልጅ ግን መንገዱን አያጣም» የሚለኝ ሰው ይኖራል። የዚህ አባባል ማስረጃ ሁልጊዜ መንገዱን ያላጡት ናቸው፤ የጠፉትን ማን ያውቃቸዋል? ቢሆንም እሺ፣ ያላጡትን እንያቸው። በ2015–16 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ሲያነሣ አብዛኞቻችን በየዲኤስቲቪ ቤቱ አፋችንን ከፍተን ያየነው ሌስተር ሲቲ አለ። ጄሚ ቫርዲን ሼፊልድ ዌንስዴይ በ16 ዓመቱ አሰናብቶታል፤ ስቶክስብሪጅ በሚባል ትንሽ ክለብ እየተጫወተ ቀን ቀን ለሕሙማን የእግር መደገፊያ በሚሠራ ፋብሪካ ይውል ነበር። ሌስተር ሲገዛው 25 ዓመቱ ነው። ንጎሎ ካንቴን የፈረንሳይ አካዳሚዎች አነሰ ብለው አልወሰዱትም፤ በፓሪስ ዳርቻ ሱሬን በሚባል የአማተር ክለብ አደገ፤ በ2018 የዓለም ዋንጫ አነሣ። ሪያድ ማህሬዝ ከካምፔር ነው የተነሣው፤ ቦታውን በካርታ ላይ ፈልጉት። ሌሎችም አሉ፦ ሉካ ሞድሪችን ሃይዱክ ስፕሊት ደካማ ነው ብሎ መለሰው። አንትዋን ግሪዝማንን የአገሩ ክለቦች በቁመቱ ምክንያት ስላልተቀበሉት በ14 ዓመቱ ወደ ስፔን ተሻገረ። ሃሪ ኬንን አርሰናል ገና በስምንት በዘጠኝ ዓመቱ ሸኘው። (ስለ አርሰናል ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ሰፈር ውስጥ መኖር አለብኝ።)

እነዚህን የመለሱት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ኳስ ያዩ ባለሙያዎች ናቸው። ስህተቱ የዓይናቸው ሳይሆን የጥያቄው ነው፤ «ዛሬ ማን ይበልጣል?» ብለው ጠይቀው «ነገ ማን ይበልጣል» ለሚለው መልስ አደረጉት። ምጣዱ ላይ ያለ እንጀራ የሚያሳየው የምድጃውን ሙቀት ነው። እርሾው ምን ያህል እንደተብላላ የሚታወቀው ሲበላ ነው።

ሜሲና ፔሌ ይጠቀሱብኛል፤ ያለ እነሱ ይህ ክርክር አያልቅም። ፔሌ በ17 ዓመቱ የዓለም ዋንጫ ወሰደ፤ እውነት ነው። ሜሲም ሕፃን ሳለ ድንቅ ነበር። የሜሲን ታሪክ የሚጠቅስብኝ ሰው ግን ግማሹን ይተወዋል። ልጁ የዕድገት ሆርሞን እጥረት ነበረበት፤ ሕክምናው ውድ ነው፤ በ13 ዓመቱ ወደ ባርሴሎና ሲሄድ ክለቡ የሕክምናውን ወጪ ለመሸፈን ተስማማ። በእኛ ሰልፍ ላይ ቢቆም ኖሮ የሚሰማውን አውቃለሁ። አንድ ተቋም ለትንሽ አካል ገንዘብና ትዕግሥት ማውጣቱ ነው እንግዲህ «ተወለደ እንጂ አልተሠራም» ለሚለው ዋና ማስረጃ ተደርጎ የሚቀርበው።

ተፈጥሮ የለም እያልሁ አይደለም። ፍጥነት በዘር ይወረሳል፣ ቁመት ይወረሳል፤ «ዘር ከልጓም ይስባል» ያለው ሰው ፈረስ ያውቅ ነበር። የምከራከረው ያ ተፈጥሮ በ12 ዓመት ልጅ ላይ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በቆመ ተመልካች ዓይን ይነበባል በሚለው ላይ ነው። «ተሰጥኦ» የሚለው ቃል ራሱ ሸውዶናል። ስንሰማው «ሰጠ» ውስጡ ያለ ይመስለናል፤ ሰጪው ፈጣሪ፣ ተቀባዩ ልጅ፣ አሰልጣኙ ምስክር። ቅዳሴ ያስቀደሰ ሰው ግን ተሰጥኦ ሌላ ነገር መሆኑን ያውቃል፦ ካህኑ ሲያዜም ሕዝቡ የሚመልሰው መልስ ነው። ካህኑ ካላዜመ ተሰጥኦ የለም። ለልጅም የምመርጠው ይህኛውን ትርጉም ነው፤ ማን ምን ብሎ ጠራው፣ ስንት ጊዜ ጠራው፣ ለመመለስስ ጊዜ ሰጠው ወይ?

እዚህ ላይ ሌላ ቡድን «አዎ! ልምምድ ነው ሁሉም ነገር» ብሎ ሊያቅፈኝ ይመጣል፤ እሱንም ማራቅ አለብኝ። «አሥር ሺህ ሰዓት» የሚል ወሬ ተዛምቷል፤ ልጁን በስድስት ዓመቱ ጀምር፣ በየቀኑ አሠልጥነው፣ ሌላ ነገር አታስነካው የሚል። ምንጩ አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ በ1993 በበርሊን ቫዮሊን ተማሪዎች ላይ ያወጡት ጥናት ነው። ቁጥሩን መፈክር ያደረገው ማልኮም ግላድዌል በ2008 ያሳተመው መጽሐፍ ሲሆን፣ ኤሪክሰን ራሱ እንዲህ አላልሁም ብሎ ተቃውሟል። ቫዮሊን የሚቀማ ተከላካይ የለውም፤ ያን እንተወው። በ2014 ብሩክ ማክናማራና ባልደረቦቿ የተበተኑትን ጥናቶች አሰባስበው ሲመዝኑ፣ በስፖርተኞች መካከል ካለው የብቃት ልዩነት ሆነ ተብሎ በሚደረግ ልምምድ የሚገለጸው 18 በመቶ ብቻ ሆነ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ከምርጦቹ መካከል ብቻ ሲታይ ወደ 1 በመቶ ወረደ። በጀርመን በቡንደስሊጋ ተጫዋቾች ላይ የተደረገ ጥናት የብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች እስከ መጀመሪያ ጨዋታቸው የሠሩት የተደራጀ ልምምድ በአማካይ 4,500 ሰዓት ገደማ መሆኑን አገኘ፤ የመፈክሩ ግማሽ እንኳ አይሞላም። እነሱን ከአማተሮቹ የለያቸው በልጅነታቸው ያለ አሰልጣኝ በየሜዳው የተጫወቱት ኳስና በወጣትነታቸው ሌላ ስፖርት መሞከራቸው ነው። በእንግሊዝም ፖል ፎርድና ባልደረቦቹ በ2009 ያሳዩት ለዚሁ ይቀርባል፦ ከአካዳሚ ልጆች መካከል ፕሮፌሽናል የሆኑትና ያልሆኑት ከ6 እስከ 12 ዓመታቸው የተለያዩት በመደበኛው ልምምድ ሳይሆን በጨዋታው ነበር።

ይህ ለእኛ የምሥራች መሆን ነበረበት። የካልሲ ኳስ፣ አራት ድንጋይ ጎል፣ ሜዳው ጠባብ፣ ልጁ ብዙ፣ ዳኛ የለም፤ አዲስ አበባ ይህን ትምህርት ቤት በነፃ ለትውልዶች ስትሰጥ ኖራለች። በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣው የእነ መንግሥቱ ወርቁና የእነ ሉቺያኖ ቫሳሎ ትውልድ ያደገው አካዳሚ በማይታወቅበት ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ የሰፈር ሜዳው አንድ በአንድ ታጠረ፣ ተቆፈረ፣ ፎቅ ወጣበት። ሜዳው ሲሸጥ ዝም ያለ ሁሉ «ዛሬ እንደ ድሮው ተሰጥኦ ያለው ልጅ ጠፋ» ሲል እሰማለሁ፤ በዚህ አባባል መሳቅ አቅቶኛል።

አይስላንድን ብቻ ልጥቀስና ልለፍ። ሕዝቧ ከአንድ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ጋር ቢተካከል ነው። ክለቦቿ ልጅ አይመልሱም፤ የመጣው ሁሉ ይሠለጥናል፤ ትንንሾቹን የሚያሠለጥነውም ትምህርት ያለውና የሚከፈለው ሰው ነው። በ2016 የአውሮፓ ዋንጫ እንግሊዝን 2 ለ 1 አሸንፋ ሸኘች፤ በ2018 ዓለም ዋንጫ ገባች። ብርዱ ተሰጥኦ ያበቅላል የሚል ካለ ደግሞ እሰማዋለሁ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ጉዳይ ልምጣ፤ ጉዳት።

ስለ ጉዳት እንዴት እንደምናወራ ራሳችሁን አዳምጡ። «ዓይን በላው።» «ዕድለ ቢስ ነው።» «ሰውነቱ ለኳስ አልተፈጠረም።» ቁርጭምጭሚቱ ያበጠውን ልጅ ወጌሻው ያሸዋል፣ በፋሻ ይጠመጥመዋል፣ እሑድ ይሰለፋል። የወጌሻን ሙያ አልንቅም፤ በየሜዳው ዳር በባዶ ቦርሳ የሚሮጡት እነሱ ብቻ ናቸው። ነገር ግን ከጥናቶቹ ሁሉ በጽናት የሚደጋገመው ግኝት አንድ ነው፦ አንድ ተጫዋች ነገ ይጎዳል ወይ ለሚለው ትልቁ ጠቋሚ ትናንት መጎዳቱ ነው። ሳይድን የተሰለፈ ልጅ የሚቀጥለውን ጉዳት ይዞ ነው የገባው። ዓይን የለበትም። ቀን ቆጥሮ ያልጠበቀ አሰልጣኝ አለበት።

ያን ኤክስትራንድ የተባለ ስዊድናዊ የአጥንት ሐኪም በ1983 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመውን ነገር እያንዳንዱ አሰልጣኝ ሊያውቀው ይገባ ነበር። አሥራ ሁለት የስዊድን ቡድኖች፣ 180 ተጫዋቾች። ግማሾቹ እንደ ልማዳቸው ቀጠሉ፤ ለግማሾቹ ሥርዓት ያለው ማሟሟቅ፣ የቅልጥም መከላከያ፣ የቁርጭምጭሚት ማሰሪያ፣ ከጉዳት ሲመለሱም ቁጥጥር ተደረገላቸው። የጉዳቱ ቁጥር በሦስት አራተኛ ቀነሰ። ይህ ከአርባ ዓመት በፊት ነው። ማራዶና ገና ናፖሊ አልገባም።

ከ2001 ጀምሮ ይኸው ሐኪም ለአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ታላላቆቹን ክለቦች ሲከታተል ኖሯል። 25 ተጫዋች ያለው ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን ወደ 50 ጉዳት ይጠብቀዋል። ከሁሉ የሚበዛው የኋላ ታፋ ጡንቻ ጉዳት ነው፤ ተጫዋቹ ሲሮጥ ድንገት ቆሞ ከኋላ ታፋውን ሲይዝ የምታዩት፣ ሐምስትሪንግ የሚሉት። በሃያ ዓመት ውስጥ ከጠቅላላው ጉዳት ያለው ድርሻ ከ12 ወደ 24 በመቶ አድጓል። መድኃኒቱስ? በ2011 የታተመ አንድ የዴንማርክ ጥናት 50 ቡድኖችን፣ 942 ተጫዋቾችን ይዞ ለግማሾቹ አንድ እንቅስቃሴ ጨመረ። ተጫዋቹ ይንበረከካል፤ ጓደኛው ከኋላ ቁርጭምጭሚቱን ይይዝለታል፤ ከዚያ ወገቡን ሳያጥፍ፣ ራሱን እየታገለ፣ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ይወርዳል። በቃ። ማሽን የለም፣ ጂም የለም። እንቅስቃሴውን ከሠሩት መሐል 15 ጉዳት፣ ካልሠሩት 52 ጉዳት ተመዘገበ።

ይህ ከታወቀ በኋላ ምን ሆነ? ሮአል ባርና ባልደረቦቹ የቻምፒዮንስ ሊግና የኖርዌይ ክለቦችን ጠየቁ፤ 50 ክለብ፣ ሦስት የውድድር ዘመን። በተመከረው መጠን በሙሉ የሠሩት 11 በመቶ ያህሉ ናቸው፤ 83 በመቶው ከነጭራሹ አልሠሩትም ማለት ይቻላል። ይህን ቁጥር ሆን ብዬ አመጣሁት፤ ምክንያቱም እኛ ዘንድ የመጀመሪያው መልስ «ገንዘብ የለንም» ነው። ገንዘባቸው ከእኛ ክለቦች እጅግ የሚበልጥ ሰዎችም አልሠሩትም። የሚያግደው ከኪስ በላይ ያለ ነገር ነው፦ ጉዳት ይመጣል እንጂ አይሠራም የሚል እምነት። ሀብታምም ድሃም ተካፍሎታል።

«ያ ለፈረንጅ ሜዳ ነው፤ የእኛ ሜዳ ድንጋይ ነው» የሚል ደግሞ ሌጎስን ይይ። ፊፋ በ2006 ያወጣው የማሟሟቂያ ሥርዓት አለ፤ 15 እንቅስቃሴ፣ 20 ደቂቃ፣ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ። ሩጫ፣ በአንድ እግር መቆም፣ ዘሎ ጉልበትን አጥፎ ማረፍ፣ ቅድም ያልሁት መንበርከክ። በኖርዌይ 125 ክለብ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ 1,892 ሴት ልጆች ተሞክሮ ከባዱን ጉዳት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። በናይጄሪያ ደግሞ ኦሉዋቶዮሲ ኦዎዬና ባልደረቦቹ በሌጎስ የታዳጊዎች ሊግ ወሰዱት፤ 20 ቡድን፣ 416 ወንዶች። ጉዳቱ በ41 በመቶ ቀነሰ። በ2014 ታትሟል። ሌጎስ ከኦስሎ ይልቅ ለእኛ ትቀርባለች፤ በሜዳም፣ በታኬታም፣ በኪስም። ይህ ጥናት እንደወጣ እያንዳንዱ የታዳጊ ፕሮጀክት አሰልጣኝ ኪስ ውስጥ መግባት ነበረበት። እኔ በምዞርባቸው ሜዳዎች ያየሁት ማሟሟቅ ግን አሁንም ሜዳውን ሁለት ዙር መሮጥ፣ ክብ ሠርቶ እየቆጠሩ እጅ ማወናጨፍ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ እግር ወደ ጎል መምታት ነው።

ታዳጊው ላይ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ልጅ በሚመዘዝበት ዓመት፣ ብዙ ጊዜ በ13 እና በ14 መካከል፣ አጥንቱ ከጡንቻው ቀድሞ ይሄዳል፤ እግሩ የራሱ አይመስለውም፣ ይደናቀፋል፣ ከጉልበቱ በታች ያለው ጉብታ ያብጥና ያመዋል። አሰልጣኙ «ልጁ ወረደ» ይላል። አልወረደም፤ እየረዘመ ነው። ሸክሙ የሚቀነስበት ወቅት ነበር፤ እኛ ግን በዚያው ሰሞን ወይ እንጨምርበታለን፣ ወይ እናሰናብተዋለን። ምርጫውና ጉዳቱ እዚህ ላይ ይገናኛሉ። በ12 ዓመቱ ቀድሞ ስላደገ የተመረጠው ልጅ በ15 ዓመቱ ሌሎቹ ሲደርሱበት ብልጫው ያልቃል፤ ያን ጊዜ በጉልበት ብዛት ሊያካክስ ይሮጣል፣ ይበጠሳል። ዘግይቶ የሚያድገው ደግሞ ከሜዳው ከወጣ ቆይቷል። ሁለቱንም አጥተን «ዕድል» እንላለን።

ሌስተርን እንደገና ላንሣው። ስለዚያ ዋንጫ ሲወራ የቫርዲ ጎል፣ የአሰልጣኙ የራኒዬሪ ፈገግታ ይነሣል። ክለቡ በዚያ ዓመት ከሊጉ ሁሉ ጥቂት ተጫዋች ካሰለፉት አንዱ እንደነበር፣ አሥራ አንዱ ሳይቀያየሩ ሳምንት በሳምንት መግባታቸው ብዙም አይነገርም። ማርቲን ሄግሉንድና ባልደረቦቹ በዘጠኝ አገር ያሉ 24 ክለቦችን ለአሥራ አንድ ዓመት ተከታትለው በ2013 ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ ጉዳት ሲቀንስ ነጥብ ይጨምራል። ከሌስተር ተጫዋቾች ዋና ዋናዎቹ ሌሎች የጣሏቸው ናቸው፤ ጤነኛ ሆነው መቆየታቸው ደግሞ የክለቡ ሠራተኞች ሥራ ነው።

ከምልመላው ማግስት ወደዚያው ሜዳ ተመልሼ ሄድሁ። የተመረጡት ልጆች የመጀመሪያ ልምምዳቸው ነበር። ያ የ20 ደቂቃ የፊፋ ሥርዓት የተሳለበትን ወረቀት በአማርኛ ጽፌ ይዣለሁ፤ ለአሰልጣኙ ሰጠሁት። አክብሮ ተቀበለኝ፣ ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየው፤ «ጋሼ፣ ጥሩ ነበር» አለኝ፣ «ግን ጊዜ የለንም። ሜዳውን የያዝነው ለአንድ ሰዓት ተኩል ነው።»

ልጆቹ ሜዳው ላይ ቆመዋል። አንዳንዱ ከታኬታው ጭቃ ይጠርጋል፣ አንዳንዱ ይገፋፋል። ልምምዱ የተጀመረው ኳሶቹን የያዘው ልጅ ከቤቱ እስኪመጣ ሃያ አምስት ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ ነው።